መዛኝ ሆኜ የተመዘንኩበት ሳምንት

እኔ ከስልክ ጋር ጠብ የለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «ዘመኑ ያልገባው ሽማግሌ» ብላችሁ እንዳታሙኝ ነው። ስልክ አለኝ። ባለ በተን ነው፤ አንዴ ባሮ ወንዝ ገብቶ ወጥቷል፣ አንዴ ባጃጅ ሄዶበታል፣ ዛሬም ይጮኻል። የእኔ ጠብ ከሚቸኩል ነገር ጋር ነው። ሰውም ይሁን ማሽን፣ ከቸኮለ አንስማማም።

ጋምቤላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የውሃ ሠራተኛ ነኝ። ቧንቧ ሲፈነዳ የምጠራ፣ ሽንት ቤት ሲዘጋ የምፈለግ፣ ሁሉም ደህና ሲሆን ግን መኖሬ የሚረሳ ሰው። ከወሎ በሰፈራ የመጣሁት ጎረምሳ ሆኜ ነው። ፊደል የቆጠርኩትም እዚሁ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ ፊደሉ ግን መሮጥ የለበትም። ቆሞ ከጠበቀኝ እደርስበታለሁ።

አንድ ቀን መምህር ዮናስ የሚባል የውሃ ትምህርት አስተማሪ ወርክሾፔ መጣ። የጎጃም ልጅ ነው፤ ደግ ነው፤ ሙቀቱን ግን እስከ ዛሬ አልለመደውም። ሲያናግራችሁ አንዱ እጁ ሁልጊዜ ግንባሩን ይጠርጋል። በሌላው እጁ አዲስ ስልክ ይዟል።

«ጋሼ፣ የተማሪ መዛኝ ሊሆኑ ነው» አለኝ።

«ይሄ ሁሉ ዲግሪ ያለው ሰው እያለ?»

«ዲግሪ ያለው ፓምፕ አይፈታም ጋሼ።»

ይህን በማለቱ ወደድኩት። ቀጥሎ የተናገረውን ለመረዳት ግን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ድሮ ተማሪው ሁሉ አንድ ቀን ተሰብስቦ አንድ ፈተና ይፈተናል። አሁን እያንዳንዱ ሙያ ለብቻው ይታያል። ፓምፕ ጠግኖ ያሳየ የፓምፕ ባጅ ያገኛል፤ ውሃ መርምሮ ያሳየ የምርመራ ባጅ ያገኛል። ባጁ ዲጂታል ነው፤ ስልክ ውስጥ ይቀመጣል። ቀጣሪው ሲከፍተው ልጁ ምን እንደሠራና ማን ቆሞ እንዳየው ይወጣለታል። ሲስተሙ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መንገድ ያበጅለታል። የሚችለውን ያሳልፈዋል፣ ያቃተውን እየደጋገመ ያመጣለታል።

«ለሁሉም አንድ ቁጥር ጫማ ማደል ቀረ ማለት ነው» አልኩት።

መምህሩ ደብተሩን አውጥቶ ጻፋት። ኋላ እንደሰማሁት ስብሰባ ላይ ተናግሯት ተጨበጨበለት። የእኔን ስም ማንሳቱን ግን የነገረኝ የለም።

ለመዛኞች ስልጠና ተሰጠን። ተሰጠን ልበል እንጂ እኔ የተካፈልኩት ግማሹን ነው። አሠልጣኙ «አሁን በጣም ወሳኙ ነጥብ ላይ ደርሰናል» ሲል የአዳራሹ ሽንት ቤት ቧንቧ ፈነዳ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ምን ላድርግ፣ ሄድኩ። ጠግኜ ሱሪዬን እየጨመቅኩ ስመለስ ለስላሳ እየጠጡ ይሳሳቃሉ።

«ያመለጠኝ ነገር አለ?» አልኩ።

«ትንሽ ናት ጋሼ፣ ኋላ እነግርዎታለሁ» አለኝ ዮናስ።

ትንሿን ነገር ሳይነግረኝ ቀረ። አዲሱን ስልክ ግን ሰጡኝ።

የመጀመሪያዋ ተመዛኝ ኛማል ነበረች። የኢታንግ ልጅ ናት፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። አማርኛዋ ፈጣን ነው፤ አንቱ የሚባለውን ግን መንገድ ላይ ጥላው መጥታለች። እኔን አንተ ትለኛለች፣ መምህሩንም አንተ፤ የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ብታገኘውም አንተ ነው የምትለው። እኔ ደስ ይለኛል። አንቱ እያሉ የሰደቡኝ ብዙ ናቸው።

ሰኞ ዕለት ወደ ጀዊ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት መንደር ሄድን። የመንደሯ የእጅ ፓምፕ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሴቶቹ ከሩቅ ወንዝ ይቀዳሉ። ኛማል መሣሪያውን ዘርግታ ፓምፑን ፈታታችው። ዘንጉን ጎትታ አወጣች፣ ያረጀውን ጎማ ቀየረች። እጇ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል ልላችሁ ነበር፤ ግን አላየሁም። ሲስተሙ፣ እኔ ማሽኑ የምለው፣ የቪዲዮ ማስረጃ ስለሚፈልግ እኔ ስልኩን ይዤ እቀርጻለሁ። «አባባ፣ ጣትህ!» ትለኛለች። ጣቴን አነሳለሁ። «አባባ፣ አሁንም ጣትህ!» እኔም አውራ ጣቴ የት እንዳለ ስከታተል ሥራው አለቀ። ማታ ቤቴ ሆኜ ቪዲዮውን ባየው ጣቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለ፤ ከጥፍሬ ጀርባ አልፎ አልፎ እልልታ ይሰማል።

እልልታው ውሃው ሲመጣ ነው። የመንደሩ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰለፉ። ከሁሉም ቀድመው እማማ አሪየት ቀዱ፤ እሳቸው የፓምፑ ጠባቂ ናቸው። አኙዋክ ናቸው፣ ኛማል ኑዌር ናት፣ እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ ሦስታችን በአማርኛ ነው የምንግባባው፣ ግማሹ በእጅ ነው።

«አባባ፣ በል አረንጓዴውን ንካው» አለችኝ ኛማል ላቧን እየጠረገች። ስልኩ ላይ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ አለ። አረንጓዴው «ብቁ»፣ ቀዩ «ብቁ አይደለም» ነው።

«ገና ነው።»

«ውሃ መጣ እኮ!»

«መምጣቱን አይቻለሁ። መቆየቱን ልይ።»

እኔ ፓምፕ ተጠገነ የምለው ሳምንት ሙሉ ውሃ ሲሰጥ ነው። አሠራሬ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልተለወጠም። አዲስ የተቀጠረ ዘበኛ እንኳን የመጀመሪያውን ቀን አይተኛም። ፓምፕም እንደዚሁ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የማይሠራ ፓምፕ አላየሁም፣ የሚያሳፍራችሁ በአምስተኛው ነው። «የዛሬ ሳምንት ሰኞ መጥተን እናየዋለን፤ ደህና ከሆነ እነካዋለሁ» አልኳት። ፊቷን አኮሳተረች፤ ግን አልተከራከረችም። እኔም በነጋታው ስልኩን በፌስታል ጠቅልዬ ከግራሶው ጎን መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ዕቃ የምንጠብቀው እንዲህ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ኛማል ወርክሾፔ በር ላይ ቆመች። ሰላም አላለችኝም። የራሷን ስልክ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ስልኩ ውስጥ ዓይንና ጥርስ ያለው የውሃ ጠብታ ይስቃል፤ እጁንም ያወዛውዛል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«አንብበው።»

ፊደሉ ቆሞ ጠበቀኝ። «ትምህርት አንድ። ውሃ ምንድን ነው?» ይላል።

«አባባ፣ እኔ ባሮ ዳር ነው የተወለድኩት። መራመድ ሳልችል መዋኘት እችል ነበር። ማሽኑ ውሃ ምንድን ነው ይለኛል!»

«ታዲያ ምን ብለሽ መለስሽ?»

«ስድብ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።»

ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ማሽኑ ከመዛኙ መልስ የሚጠብቀው ሦስት ቀን ብቻ ነው። መዛኙ ዝም ካለ፣ ተማሪዋ አልቻለችም ብሎ ይደመድምና መንገዷን ያበጅላታል። ለኛማል ያበጀላት መንገድ ሃያ ሁለት ትምህርት አለው፤ ከሚስቀው ጠብታ ይጀምራል። አንዱን ሳይጨርሱ ሌላው አይከፈትም፤ በቀን ከሁለት በላይም አይፈቅድም።

«ይሁን፣ ቀስ ብለሽ ጨርሺው» አልኳት። ሞኝነቴ ነው።

ኛማል በርሜሉ ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የውሃ ሥራ ልምምድ አለ፤ አንድ የእርዳታ ድርጅት ስድስት ባጅ ያላቸውን ተመራቂዎች ይወስዳል። እሷ አምስት አላት። ስድስተኛው የፓምፕ ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋው በሚቀጥለው ሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

«ካልገባሁ አንድ ዓመት ቤት መቀመጥ ነው። ቤት ከተቀመጥኩ ደግሞ አጎቴ ሊድረኝ ነው። ሰውየውን መርጦታል፤ እኔ አልመረጥኩትም። ሥራ ከያዝኩ ግን እንደማይነካኝ አባቴ ፊት ቃል ገብቷል።» ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ፣ የአንተ ሳምንት የእኔን ዓመት በላው።»

እኔ ብዙ ተሰድቤአለሁ። አለቃ ሰድቦኛል፣ ጎረቤት ሰድቦኛል፣ አንድ ጊዜ በመኪና ድምፅ ማጉያ እየጮኸ የሰደበኝም አለ። እንደዚህች ያለች ግን አልሰማሁም። ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ስልኩን ከፌስታሉ አወጣሁ። ባትሪው ሞቶ ግራሶ ለብሷል። «ተነሺ» አልኳት። «ይሄን ነገር ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እኔው አስተካክለዋለሁ። እስከ ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት አልተኛም።» መቼም አልተኛም ያልኩት ለወጉ ነው፤ ተኝቻለሁ። ግን በደንብ አልተኛሁም።

አርብ መምህር ዮናስን ቢሮው አገኘነው። ማራገቢያው መብራት ጠፍቶበት ቆሟል፤ እሱ በፋይል ያራግባል።

«ጋሼ፣ ለምን አልነኩትም?»

«ሳምንቱ አልሞላማ።»

«ሦስት ቀን ብቻ እንደሚጠብቅ ስልጠናው ላይ ተነግሯል እኮ።»

«እኔ ያን ጊዜ የት ነበርኩ?»

አሰበ። አስታወሰ። ፋይሉን አስቀምጦ ግንባሩን በሁለት እጁ ጠረገ።

ከዚያ ወዲያ ችግሩ ሌላ ችግር ወለደ። «አሁን ልንካው» ብል አይሆንም። ለካ ማሽኑ እኔንም ቀጥቶኛል። በሰዓቱ ያልመለሰ መዛኝ የመዛኝነት ባጁ ይታገድበታል። «እኔ ባጅ ነበረኝ?» አልኩት፤ ሳላውቀው የነበረኝን ነገር ሳላውቀው ቀምተውኛል። እገዳው የሚነሳው የመዛኞችን ኮርስ ተፈትኜ ሳልፍ ነው። ካለፍኩ የኛማል ጉዳይ ዝርዝሩ እስኪዘጋ ድረስ እንደገና ይከፈታል።

«አንተ ራስህ አታነሳውም?» አለችው ኛማል።

«ሲስተሙ አይፈቅድልኝም።»

«ታዲያ የአንተ ሥራ ምንድን ነው?»

መምህሩ ፋይሉን አንስቶ ማራገቡን ቀጠለ። ጥያቄው ከሃያ ሁለቱ ትምህርት ውስጥ አልነበረም መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ለፈተና ተቀመጥኩ። ሸሚዜን ቀይሬ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ ከወርክሾፑ ፊት ለፊት ማንጎው ሥር። ኛማል እያነበበችልኝ እኔ እመልሳለሁ፤ መምህሩ ይህን ፈቅዷል፣ ንባብ አይደለም የምንፈትነው ብሎ።

«አንደኛ ጥያቄ» አለች። «የተበላሸ ፓምፕ ያለበት ቦታ እንደደረሱ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? ሀ፣ መመሪያውን ያነባሉ። ለ፣ ጓንት ያደርጋሉ። ሐ፣ የፓምፑን ክዳን ይከፍታሉ። መ፣ ለሚመለከተው አካል ሪፖርት ያደርጋሉ።»

«መልሱ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«መጀመሪያ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ሰላም ማለት ነው። ከዚያ ከመበላሸቱ በፊት ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማ እንደነበር መጠየቅ ነው። እነሱ በየቀኑ ይዘውታል፤ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።»

«አባባ፣ እሱ የለም። ለ በል።»

«አልልም።»

«ጓንት ማድረግ ምን ችግር አለው?»

«ችግር የለውም። መጀመሪያ ግን አይደለም። ጓንት አድርጌ ሰው እጨብጣለሁ?»

ሁለተኛውንም ጥያቄ መልሱ የለም አልኩ። ሦስተኛውንም። ባዶ እየተውን አለፍን። ማሽኑ አሰበ፣ ክብ ነገር አሽከረከረ፤ ከዚያ ውጤቴን አመጣ። ጀማሪ። ለእኔም የራሴን መንገድ አበጀልኝ። ሥዕሉ ሲወጣ ኛማል ስልኩን ከእጇ ጣለችው። የሚስቀው የውሃ ጠብታ ነው። «ትምህርት አንድ። ውሃ ምንድን ነው?»

ኛማል ማንጎው ሥር ተዘርግታ ሳቀች። እግሯን እያንፈራገጠች፣ እምባዋ እየፈሰሰ ሳቀች። ሠላሳ ዓመት ይሄን ሁሉ ሰው ውሃ ያጠጣሁ ሰው ከፊቷ አንደኛ ክፍል ገባሁ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ግን የጠብታው ጥርስ የድሮ አለቃዬን ጥርስ መሰለኝና እኔም ሳቅኩ።

ሳቁ ሲያልቅ እሷ ተነስታ ተቀመጠች። «አንድ ጊዜ መድገም ይፈቀዳል» አለች። «አሁን እሱ የሚፈልገውን በለው። እለምንሃለሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልለው ነበር። ስለ ልጅቷ ብዬ ጓንት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን እሷ ስልኩን ስታስጠጋልኝ ከጥያቄው ግርጌ እምብዛም የማትታይ ቀጭን ጽሑፍ አየሁ። ፊደሏን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። «ሌላ መልስ ካለዎት በድምፅ ይግለጹ» ትላለች። ከጎኗ ትንሽ ማይክራፎን አለች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

ኛማል አየቻት። «ማንም ነክቷት አያውቅም» አለች።

«እንነካታለን።»

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ኔትወርክ ጠፋ። እሁድም አልመጣም። መሃል ከተማ ሰዒድ ሱቅ ሄድን። ሰዒድ ሶላር አለው፤ የከተማው ስልክ ግማሹ እሱ ጋ ነው ቻርጅ የሚደረገው፤ ከሱቁ ደጃፍ ኔትወርክ አይጠፋም። ሳጥን ላይ ተቀምጬ ማይክራፎኗን ተጭኜ ጀመርኩ።

«ጤና ይስጥልኝ። አንደኛ ጥያቄን በተመለከተ…»

«ለማን ነው ሰላም የምትለው?» አለ ሰዒድ።

«ለማሽኑ።»

«ወላሂ፣ ጋሽዬ አለቀለት።»

አልሰማሁትም። ሃያ ጥያቄ ነው፤ ለሃያውም የማውቀውን ተናገርኩ። የቱ መንደር ምን ዓይነት አሸዋ እንዳለው፣ አሸዋው ጎማውን እንዴት እንደሚበላ፣ ክረምት ላይ ዘንጉ ለምን እንደሚዝግ። ባጃጅ ነጂዎቹ አንድ በአንድ ሞተራቸውን እያጠፉ ከበቡኝ። «ማህበረሰቡ ቅሬታ ሲያቀርብ ምን ያደርጋሉ?» የሚለው ላይ ስደርስ «ኮፍያዬን አውልቄ እስኪጨርሱ እሰማለሁ፤ ቅጽ አላስሞላም» ስል አንዱ «ይሄን ሰውዬ ቀበሌ አስገቡልን!» ብሎ ጮኸ። እሱም ተቀርጿል። አሥራ አምስተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ፍየል ገብታለች። አሥራ ስምንተኛው ላይ ሰዒድ «ጓንትስ ቢያደርግ ምን አለበት?» ብሎ ከአንድ ደንበኛው ጋር ሲጨቃጨቅ ይሰማል። ኛማል ግን ከአጠገቤ ንቅንቅ አላለችም፤ እያንዳንዱ ድምፅ እስኪያልፍ ዓይኗን ከክቡ ላይ አላነሳችም። ሃያኛው ሲሄድ «ሄደ» አለች።

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መምህር ዮናስ ወርክሾፔ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ለካ የድምፅ መልስ ወደ ማሽኑ አይሄድም፤ የኮርሱ ባለቤት ጋ ነው የሚሄደው። የኮርሱ ባለቤት ደግሞ እሱ ነው። ሃያውንም አዳምጧል፤ ፍየሏንም፣ ባጃጁንም።

«ጋሼ» አለኝ፤ ግንባሩን መጥረጉን ረስቶ። «እነዚህን ጥያቄዎች ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድም ቀን ሴቶቹን ጠይቄ አላውቅም።»

«ጎበዝ ነህ፣ ገና ልጅ ነህ፣ ትጠይቃለህ» አልኩት። «እገዳውስ?»

«አሳልፌዎታለሁ፣ ተነስቷል። የኛማልም ተከፍቷል። አሁኑኑ አረንጓዴውን መንካት ይችላሉ።»

ኛማል አየችኝ። እኔም እሷን አየኋት። ሰኞ ነው። ሳምንቱ ሞልቷል። ፓምፑን ግን አላየሁትም።

«አውቃለሁ» አለች፤ ቦርሳዋን አንስታ። «ባጃጅ እጠራለሁ።»

መንደሯ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ነበር። ከሩቅ ነገሩ ገባኝ። ሰልፍ የለም። ፓምፕ ሲሠራ ሰልፍ አለ፣ ጭቅጭቅ አለ፣ ጀሪካን ይጋጫል። እዚህ አንዲት ዶሮ ብቻ ናት ያለችው። እማማ አሪየት ከጎጇቸው ወጥተው እጃቸውን ወደ ላይና ወደ ታች አወዛወዙ። «ቅዳሜ፣ ቋ! ቋ! እሁድ፣ ምንም» አሉን።

ኛማል እጀታውን ያዘች። ከፍ ዝቅ አደረገችው። ባዶውን ሄደ፣ ባዶውን ተመለሰ። ፊቷን አላየሁትም፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። የባጃጁ ልጅ «በቃ ንኩት እንጂ፣ ማን ያያችኋል?» አለ።

እሷ ተንበርክካ መፍታት ጀመረች። ሰዓት አላየችም። ዘንጉን ስትደርስበት ቆመች። ዘንጉ ተላቅቋል። ሁለት ዳዶ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ አንድ ብቻ አድርጋ ነበር፤ አንዷ ብቻዋን ላልታ ወድቃለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሰኞ ዕለት ቸኩዬ ሁለተኛዋን ረሳኋት።»

እኔም ነኝ። እዚያው ቆሜ ነበር፤ አውራ ጣቴን ስጠብቅ ነው ያለፈኝ። ይህን ነገርኳት። አልሳቀችም።

ሠራችው። ዘንጉን አውጥታ፣ ሁለቱንም ዳዶ አጥብቃ፣ ከዚያ ደግሞ ማንም ሳያዛት የቀሩትን መጋጠሚያዎች ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሻ መለሰችው። እኔ ስልክ አልያዝኩም፤ በዚህ ጊዜ እጇን አየሁት። ውሃው ሲመጣ አሥር ሰዓት ሊሆን ነበር። እልልታ አልነበረም፤ ሴቶቹ ጀሪካን ለማምጣት ሮጡ።

ኛማል እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከፊቴ ቆመች። «ዳዶዋን ረስቻለሁ» አለች። «ሳምንቱም ከዛሬ ነው የሚቆጠረው። አሠራርህን አውቃለሁ። ቀዩን ንካ፣ አልቀየምህም።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሠላሳ ዓመት አሠራሬን ለማንም አልለወጥኩም፤ ለአለቃም፣ ለዘመድም። ስልኩን አውጥቼ ሁለቱን ቁልፎች አየኋቸው። ቢቸግረኝ እንደገና የተጻፈውን አነበብኩ። ቀስ ብዬ። የተጠየቅኩት «ፓምፑ ብቁ ነው ወይ» ተብዬ አይደለም። «ተማሪዋ ብቁ ናት ወይ» ነው የሚለው። ፓምፕማ ይበላሻል፤ እኔ የጠገንኩትም ይበላሻል። ስህተቱን ራሱ አግኝቶ፣ የእኔ ነው ብሎ፣ ተንበርክኮ የሚያስተካክል ሰው ስንት አይቻለሁ? ልቁጠር ብል አንድ እጅ ይበቃኛል።

አረንጓዴውን ነካሁት። ክቡ ዞረ። ዞረ። «ኔትወርክ የለም» አለኝ።

አሁን ደግሞ ይሄ! የባጃጁ ልጅ «ኩይሳው ላይ ይይዛል» አለ። ከመንደሩ ጀርባ ከሰው የሚረዝም የምስጥ ኩይሳ አለ። ኛማል እኔ ልውጣ ብትል እምቢ አልኩ፤ መዛኙ እኔ ነኝ። ሁለት ሴቶች ከታች ገፉኝ፣ የባጃጁ ልጅ እግሬን ያዘ፣ ኮፍያዬ ወደቀ። ጫፉ ላይ ወጥቼ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ፤ ምስጡ በሱሪዬ ገባ። አልወረድኩም። አንድ ጊዜ ነካሁት፣ እምቢ አለ። ሁለተኛ ነካሁት። ምስጡ ጉልበቴ ደረሰ። ሦስተኛው ላይ ክቡ ቆመና ስልኩ «ቲንግ» አለ። ከታች የኛማልም ስልክ «ቲንግ» አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።

ስወርድ ኛማል ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። እማማ አሪየት አንገታቸውን አስግገው ስልኩን አዩ። ክብ ሥዕል ነው፤ መሃሉ ላይ ፓምፕ አለ።

«ምን ሰጡሽ?» አሏት።

«ሥራ የሚያስገባ ነው፣ እማማ። ወደ ኩሌ።»

እማማ አሪየት ደስ ያላቸው መሰለ፤ ከዚያ ፓምፑን ዞረው አዩት። «አንቺ ኩሌ ሄድሽ። ይሄ ሲበላሽ ማን?»

ኛማል ከመሣሪያ ሳጥኔ ሚስማር አወጣች። ፓምፑ አጠገብ ተንበርክካ በሰማያዊው ቀለም ላይ የስልክ ቁጥሯን ጫረችው፤ እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ፣ እንዳይጠፋ።

«ስንደውል ታነሺ?»

«አነሳለሁ። ኔትወርክ ካለ።»

«ከሌለስ?»

ኛማል ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እማማ አሪየትም አዩኝ። ጀሪካን የያዙት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። እኔ ሱሪዬን እያራገፍኩ ነበር።

ሚስማሩን ተቀበልኳትና ከቁጥሯ ሥር የእኔን ጫርኩ።